የቤት ኮምፒዩተር ብሮውዘር ሲያስቸግር፤ ፎርማት ከማድረግ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

የባንክ ሥራዎች፣ የመንግሥት አገልግሎቶችና የደብዳቤ ልውውጦች በኢንተርኔት አማካይነት መከናወናቸው እየሰፋ በመምጣቱ፣ የቤት ኮምፒዩተር ለብዙ ሠራተኞች የቢሮ ሥራ የሚቀጥልበት መሣሪያ ሆኗል። የኢንተርኔት ገጾችን ለማየት የሚያገለግለው ብሮውዘር የተባለው ፕሮግራም ሲያዘግም፣ ገጽ አልከፍትም ሲል ወይም ሳይታዘዝ ማስታወቂያ ሲደረድር ግን ተጠቃሚዎች ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳሉ።

በዚህም የተነሳ ኮምፒዩተሩ ወደ ጥገና ተወስዶ ፎርማት የሚደረግበት ጊዜ አለ። ፎርማት ማድረግ ዲስኩን አጽድቶ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን በመሆኑ፣ አስቀድሞ ቅጂ ያልተያዘላቸው ሪፖርቶች፣ የቤተሰብ ፎቶግራፎችና በብሮውዘሩ ብቻ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች አብረው ይጠፋሉ። ይሁንና የብሮውዘር ችግሮች በአመዛኙ አንድም ፋይል ሳይጠፋ በተጠቃሚው በራሱ ሊፈቱ የሚችሉ ናቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው ምክንያቱን በቅደም ተከተል መመርመር ነው።

ችግሩ ያለበትን ቦታ መለየት

በቅድሚያ መታየት ያለበት ያስቸገረው አንድ ገጽ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ገጾች ናቸው የሚለው ነው። ሌሎች ገጾች በደህና እየተከፈቱ አንዱ ብቻ እምቢ ካለ፣ ችግሩ ከገጹ ባለቤት ዘንድ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ቆይቶ መሞከር ይገባል።

ሁሉም ገጾች የማይከፈቱ ከሆነ በዚያው ዋይፋይ በተገናኘ ስልክ መሞከር ያስፈልጋል። በሙከራው ወቅት የስልኩ የሞባይል ዳታ መጥፋት ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ስልኩ በሌላ መስመር ስለሚከፍተው ሙከራው ያሳስታል። ስልኩም ካልከፈተ ችግሩ ከመስመሩ ወይም ከዋይፋይ መሣሪያው በመሆኑ፣ መሣሪያውን ለግማሽ ደቂቃ ያህል አጥፍቶ ማብራት ይበጃል። ስልኩ ከከፈተ ግን ችግሩ በኮምፒዩተሩ ላይ ነው።

ቀጥሎ ያንኑ ገጽ በሌላ ብሮውዘር መሞከር ነው። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኤጅ የተባለው ብሮውዘር ከሲስተሙ ጋር ተጭኖ ስለሚመጣ ለዚህ ያገለግላል። ገጹ በኤጅ ተከፍቶ በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ካልተከፈተ፣ ምርመራው በዚያ ብሮውዘር ላይ ብቻ ይወሰናል።

የቀንና የሰዓት መዛባት

ብዙም ከማይጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ የኮምፒዩተሩ ቀን ትክክል አለመሆን ነው። ብሮውዘሩ የባንክ ወይም የመሥሪያ ቤት ገጽ ሲከፍት፣ የገጹን ትክክለኛነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል በሆነ የምስክር ወረቀት ነው። የምስክር ወረቀቱ የሚጸናበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ እ.ኤ.አ በመስከረም 2020 የአዳዲሶቹ የአገልግሎት ጊዜ ከ398 ቀናት እንዳይበልጥ ተደርጎ ነበር። የኮምፒዩተሩ ቀን ከዚህ ጊዜ ውጪ ከሆነ ብሮውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ገጹን ይከለክላል።

ለቀኑ መዛባት አንደኛው ምክንያት በኮምፒዩተሩ ማዘርቦርድ ላይ ያለች ሳንቲም መሰል ባትሪ ማለቋ ነው። መብራት ሲጠፋ የኮምፒዩተሩን ሰዓት የምታስቆጥረው ይህች ባትሪ ስትሆን፣ ካለቀች ቀኑ ኮምፒዩተሩ ከኃይል በተላቀቀ ቁጥር በዓመታት ወደኋላ ሊመለስ ይችላል። በአብዛኞቹ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ላይ የምትገኘው ሲአር 2032 የተባለችው ባለ 3 ቮልት ባትሪ በመሆኗ በቀላሉ ትቀየራለች።

ሁለተኛው ምክንያት የዘመን አቆጣጠር መደባለቅ ነው። በቀን ማስተካከያው ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 ተብሎ ቢሞላ፣ ኮምፒዩተሩ የሚረዳው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 2018 በመሆኑ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደኋላ ይቀራል። ሰዓቱም ቢሆን ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን የሚሞላው 14፡00 ተብሎ ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሚገኙ፣ በዊንዶውስ ናይሮቢ የሚለውን መርጦ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ማዘዝ ይቻላል።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ሳለ ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ ግን አልፎ መግባትም ሆነ የይለፍ ቃል መጻፍ አይገባም። ገጹ ተመሳስሎ የተሠራ ወይም ግንኙነቱ በሌላ ወገን የተጠለፈ ሊሆን ይችላል።

የተከማቹ ፋይሎችና ተጨማሪ ፕሮግራሞች

ብሮውዘር ቀደም ሲል የታዩ ምስሎችንና ፋይሎችን ካሽ በተባለ ማከማቻ ያስቀምጣል። ገጹ ተሻሽሎ እያለ ብሮውዘሩ አሮጌውን ቅጂ ሲያወጣ ቅጾች ተዛብተው ይታያሉ፤ መጫኛዎችም አይታዘዙም። በተመሳሳይ ሁኔታ ኤክስቴንሽን የተባሉት ተጨማሪ ፕሮግራሞች ገጹን ሊያውኩት ይችላሉ።

ይህን ለማጣራት በክሮምና በኤጅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን፤ በፋየርፎክስ ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒ ቁልፎችን በአንድነት በመጫን የሚከፈተው የግል መስኮት ያገለግላል። በዚህ መስኮት ቀደም ሲል የተቀመጡ የመግቢያ መረጃዎች ሥራ ላይ አይውሉም፤ ተጨማሪ ፕሮግራሞቹም ካልተፈቀደላቸው በስተቀር አይሠሩም። ገጹ በዚህ መስኮት በትክክል ከሠራ ምክንያቱ ከሁለቱ አንዱ መሆኑ የጎላ ነው።

መፍትሔውም ተጨማሪ ፕሮግራሞቹን በሙሉ አጥፍቶ አንድ በአንድ እያበሩ አዋኪውን መለየት፣ ከዚያም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊት ቁልፎችን በመጫን ካሹን ማጽዳት ነው። በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የይለፍ ቃሎች የሚለው ሊመረጥ አይገባም። ኩኪ የተባሉት መረጃዎች ሲሰረዙ ተጠቃሚው ከገባባቸው ገጾች ስለሚወጣ፣ የይለፍ ቃሎቹን ማወቁን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ያልተጠሩ ማስታወቂያዎችና ማጭበርበሪያዎች

በስክሪኑ ጥግ ማስታወቂያ የሚደጋገመው በአመዛኙ አንድ ገጽ መልእክት ለመላክ ሲጠይቅ ተጠቃሚው ሳያስተውል በመፍቀዱ ነው። ፈቃዱ ከብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ይሰረዛል። የመነሻ ገጹ ወይም የፍለጋ ገጹ ሳይታዘዝ ከተቀየረ ደግሞ ያልታወቁ ፕሮግራሞችን አስወግዶ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም መፈተሽ ተገቢ ነው።

ኮምፒዩተሩ በቫይረስ ተይዟል፤ በዚህ ስልክ ይደውሉ የሚል መልእክት ስክሪኑን ከሞላው መደወል ሳይሆን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን ተጭኖ በታስክ ማናጀር ብሮውዘሩን መዝጋት ያስፈልጋል። የመልእክቱ ዓላማ ገንዘብ መጠየቅ ወይም ኮምፒዩተሩን ከርቀት መቆጣጠር ነው።

ዘመናቸው ያለፈባቸው ፕሮግራሞች

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እ.ኤ.አ ሰኔ 15 ቀን 2022 አገልግሎቱ አብቅቷል። ክሮምም እ.ኤ.አ ከየካቲት 2023 ወዲህ በወጡ ዝርያዎቹ በዊንዶውስ 7 ላይ አይጫንም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ ጥቅምት 14 ቀን 2025 ተጠናቋል። በመሆኑም ብሮውዘሩን አዘውትሮ ማደስ ይገባል፤ ሲስተሙ እድሳት የማይቀበል ከሆነ ግን የባንክና የመሥሪያ ቤት ሥራን በሌላ መሣሪያ ማከናወን ይመረጣል።

ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ ካልረዱ ብሮውዘሩን ወደ መነሻ ሁኔታው መመለስ ይቻላል። በክሮም ይህ ሲደረግ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ይጠፋሉ፤ ኩኪዎች ይሰረዛሉ፤ የተመዘገቡ አድራሻዎችና የይለፍ ቃሎች ግን አይነኩም። ኮምፒዩተሩ የመሥሪያ ቤት ንብረት ከሆነ ማንኛውም ለውጥ ከመደረጉ በፊት የመሥሪያ ቤቱን የኮምፒዩተር ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። የግል ኮምፒዩተር ሆኖ ወደ ጥገና መወሰዱ ግድ ቢል እንኳ፣ አስፈላጊ ፋይሎችን በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥና ፎርማት የሚደረገው በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ መሆኑን አስቀድሞ መስማማት ይገባል።