ተራ የሚጠብቅ ሥራ፤ ከጀልዴሳ እስከ ሊኑክስ

በሐረር የንግድ ታሪክ ውስጥ የጀልዴሳ ስም ደጋግሞ ይነሣል። በ19ኛው ምዕት ዓመት ከዘይላ ወደብ የተነሡ ሲራራ ነጋዴዎች ቆላውን በግመል አቋርጠው እዚያ ጭነታቸውን ያራግፉ ነበር። ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ለግመል የማይመች ስለሆነ፣ ዕቃው በአህያና በበቅሎ እንደገና ይጫናል። እንግዲህ ሁለተኛው ጉዞ የሚነሣው የመጀመሪያው ሲፈጸም ነው። ግመሎቹ መንገድ ላይ ቢቀሩ፣ አህዮቹን ባዶ ጀርባቸውን ወደ ጀጎል መንዳት ለማንም አይጠቅምም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሥራን በተራ ማሰለፍ ሁለት ጥያቄዎች እንዳሉት ነው። አንደኛው ማን ይቅደም የሚል ነው። ሁለተኛውና ከባዱ፣ የፊተኛው ቢበላሽ የኋለኛው ምን ይሁን የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛው ጥያቄ በኮምፒዩተር ታሪክ እንዴት እንደተመለሰ እንመለከታለን፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች ዘመን፣ አንድ ሥራ ሲያልቅ ሠራተኛው የሚቀጥለውን የተበሱ ካርዶች ክምር እስኪያስገባ ድረስ ውዱ መኪና ሥራ ይፈታ ነበር። በ1956 ጄኔራል ሞተርስና ኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን ለአይ ቢ ኤም 704 ያዘጋጁት ሥርዐት መኪናው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው በራሱ እንዲሻገር አደረገ። ጊዜ ተረፈ፤ ዳሩ ግን የሥራው ባለቤት ከአጠገቡ ራቀ። በ1960ዎቹ የመጣው የአይ ቢ ኤም 360 ሥርዐትም የፊተኛው ሥራ የሚመልሰውን ቁጥር አይቶ የኋለኛውን ለመዝለል የሚያስችል ደንብ ነበረው።

በ1979 የወጣው ሰባተኛው ዩኒክስ ሥራን በተወሰነ ሰዓት የሚያስጀምር «አት» የተባለ ትእዛዝ ይዞ ነበር። ትእዛዞችን በአንድ መሥመር ለማያያዝም የተለያዩ መንገዶች ነበሩት። በፈረንጁ ድርብ ሰረዝ ከተያያዙ፣ የፊተኛው ቢሳካም ባይሳካም የኋለኛው ይሠራል። «እና» ተብሎ የሚነበበው ምልክት ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ግን፣ የኋለኛው የሚነሣው የፊተኛው ዜሮን፣ ማለትም የደኅና ምልክትን፣ ሲመልስ ብቻ ነው። በ1991 የተጀመረው ሊኑክስም ይህንኑ ልማድ ወርሷል። ዛሬ «ታስክ ስፑለር» የተባለው መሣሪያ ሥራዎችን ተቀብሎ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ አንድ በአንድ ያስኬዳል። ሜሞሪው አነስተኛ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሁሉም በአንድነት ቢነሡ እርስ በርሳቸው ይተናነቃሉ።

ልዩነቱ የምልክት ብቻ አለመሆኑን አንድ ምሳሌ ያሳያል። አንድ ተማሪ የምርምሩን ስሌት ለሌሊት አሰልፎ ሄደ እንበል። የመጀመሪያው ትእዛዝ የአሮጌ ውጤቶች ወደሚገኙበት ማኅደር ግባ ይላል፤ ሁለተኛው በዚያ ያለውን ሁሉ ደምስስ ይላል። የማኅደሩ ስም በአንድ ፊደል ቢሳሳት መግባቱ አይሳካም። በድርብ ሰረዝ ተያይዘው ከሆነ ግን ሁለተኛው ትእዛዝ በቆመበት ሥፍራ ያገኘውን ፋይል ይደመስሳል፤ ይኸውም የዓመት ልፋት ሊሆን ይችላል። በሁለቱ «እና» ተያይዘው ቢሆን ኖሮ ሥራው እዚያው በቆመ ነበር።

ይሁን እንጂ ዜሮ የሚመሰክረው ፕሮግራሙ ጉድለት አለማስታወቁን ብቻ ነው፤ የስሌቱን እውነተኛነት አይመሰክርም። በጀልዴሳም ጥቅሉ ሳይፈታ ውስጡ ያለው ጨርቅ መራሱ አይታወቅም። ስለዚህ ሥራውን በሁኔታ አያይዞ ያሰለፈ ተማሪ ሌሊቱን ቢተኛ አይነቀፍም፤ ጧት ግን ውጤቱን ከፍቶ መመርመር ይገባዋል እንላለን።