በቁስቋም ያለው የሦስት ትውልድ መቃብር

በኮሶዬና በአካባቢዋ ደጋ ሰው ሲሞት በደብሩ ቅጽር፣ አባት እናቱ ባረፉበት አጠገብ ይቀበራል። በቀድሞው ልማድ በመቃብሩ ላይ ድንጋይ ይከመርበታል እንጂ ስም አይጻፍበትም፤ የማን ዘር የት እንደ ተኛ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው። የጎንደር ነገሥታት ግን ይህን የባላገር ሥርዐት ሁልጊዜ አልጠበቁም። ዐፄ ፋሲል በጣና ውስጥ በዳጋ እስጢፋኖስ ሲያርፉ፣ የልጅ ልጃቸው ታላቁ ኢያሱ በ1699 ዓ.ም. ተገድለው በዚያው ሐይቅ በሌላ ደሴት፣ በምጽራሐ ተቀበሩ። አያትና የልጅ ልጅ ውሃ ለያቸው።

ከዚህ የተለየው ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ያለው መቃብር ነው። እዚያ በአንድ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ የሦስት ሰዎች ዐፅም ይታያል፤ የደብሩ ሰዎች እንደሚያስረዱት የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የዐፄ ኢዮአስ ነው።

እኔን ይበልጥ የሳቡኝ በሣጥኑ ውስጥ የሌሉት ናቸው። የእቴጌዪቱ ባል ዐፄ ባካፋ የሉም፤ የዐፄ ኢዮአስ እናት ወይዘሮ ውቢትም የለችም። በውጭ አገር ስማር በቪየና በካፑሲን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ሥር ያለውን የነገሥታት መቃብር አይቼ ነበር። የምንትዋብ ዘመነኛ ማርያ ቴሬዛ እዚያ ከባሏ ጋር በአንድ ታላቅ የብረት ሣጥን ተኝታለች። የቁስቋሙ መቃብር ግን የእናት ቤት ነው። ባካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ወራሹ ገና ሕፃን ነበር፤ ምንትዋብም ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር ነገሡ፤ የቋራ ዘመዶቻቸውንም በየሹመቱ አስገቡ። ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን ያሠሩት ባሎቻቸውና አማቶቻቸው ከኖሩበት ግቢ ውጭ ነው። ቁስቋም እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ በሸሸች ጊዜ ያረፈችበት የግብጽ ተራራ ስም ነው። ሕፃን ንጉሥ ታቅፈው የቀሩት እቴጌ ይህን ስም ሲመርጡ የራሳቸው ነገር በልባቸው ነበረ ብዬ እገምታለሁ።

ወይዘሮ ውቢት ኦሮሞ ነበረች፤ ልጇ ሲነግሥ የእርሷ ወገኖችና የቋራ ሰዎች በቤተ መንግሥቱ ተፎካከሩ። ከሣጥኑ መቅረቷን በዚህ ብቻ ለማስረዳት ግን አልደፍርም። ዐፄ ኢዮአስን በ1761 ዓ.ም. ያስገደሉት ራስ ሚካኤል ስሑል ናቸው፤ ራስ ሚካኤልም የምንትዋብ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ባል ነበሩ። ስለዚህ እቴጌዪቱ የልጅ ልጃቸውን ያጡት በገዛ አማቻቸው እጅ ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያሻል። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ቁስቋምም አብራ ተቃጥላለች፤ ዛሬ የምናየው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። የመስተዋቱንም ሣጥን የእቴጌዪቱ ዘመን ሥራ አድርጎ መውሰድ አይገባም። የሦስቱ ዐፅም እንዲህ መጠጋጋት የምንትዋብ ኑዛዜ ነው ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ከማስረጃው አልፎ ሄዷል። እርግጠኛ የምንሆንበት ቢኖር የደብሩ ካህናት ሦስቱን ሳይለያዩ ማቆየታቸው ነው። የነገሥታት ዐፅም በመስተዋት ውስጥ ለጎብኚ ዐይን መቅረቡ ለእኔ አይዋጥልኝም፤ አፈር ይገባዋል፤ ይሁንና ያ ሣጥን ባይኖር ኖሮ እኔም ይህን ባልጻፍሁ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ በቁስቋም ግቢ የፈንጣጣ ሕሙማንን ሲያክም፣ ዐፄ ኢያሱ ካረፉ 15 ዓመት፣ ዐፄ ኢዮአስ ከተገደሉ ገና አንድ ዓመት አልሞላም ነበር። ምንትዋብ ግን በሕይወት ነበሩ፤ እንግዳውንም በደግነት ተቀብለውታል። እርሳቸው ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን የተከተሉት በ1765 ዓ.ም. ነው።