ከጠመንጃ ወደ ካሜራ፦ የፍሎሪዳ ጠረፍ ወፎች ታሪክና ለመሐንዲሱ የሚሰጠው ትምህርት

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መግቢያ

የፍሎሪዳ ግዛት ከሰሜን አሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ወደ ባሕር ዘልቆ የገባ ጠፍጣፋ ምድር ነው። በምሥራቅ የአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በምዕራብ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ያዋስኑታል። ሰሜኑ በበረዶ በሚሸፈንባቸው ወራት እንኳ ሙቀት ስለማይለየው፣ ከብርድ የሚሰደዱ ወፎችና ከብርድ የሚሸሹ አገር ጎብኚዎች በአንድ ወቅት የሚገናኙበት ጠረፍ ሆኖ ኖሯል። ዛሬም ረጃጅም ሌንስ የተገጠመለት ካሜራ የያዙ መንገደኞች በየዓመቱ ወደዚሁ ጠረፍ ይጎርፋሉ። ዳሩ ግን ፎቶግራፍ የሚያነሷቸው ወፎች ለዛሬ የበቁት በቀላሉ አይደለም።

የዚህ ጠረፍ ታሪክ የሦስት መሣሪያዎች ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል፤ ይኸውም የጠመንጃ፣ የካሜራና የመሬት መቆፈሪያ መኪና ነው። የመጀመሪያው ወፎቹን ሊጨርስ ተቃረበ። ሁለተኛው ለጥበቃቸው ምስክር ሆነ። ሦስተኛው ደግሞ በበጎ አሳብ ተሰማርቶ ሳለ አንድ የወፍ ዘር ከምድር ገጽ እንዲጠፋ ምክንያት ሆነ። ለመሐንዲሱ ይበልጡን የሚያሳስበው ይህ የመጨረሻው ታሪክ ሲሆን፣ እርሱን በሚገባ ለመረዳት ግን ከመጀመሪያው መነሳት ያስፈልጋል።

ላባ ከወርቅ በተወደደበት ዘመን

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካና በአውሮፓ ታላላቅ ከተሞች የሴቶች ባርኔጣ በወፍ ላባ፣ አንዳንዴም በደረቀ ሙሉ ወፍ ያጌጥ ነበር። የአእዋፍ ሊቅ የነበረው ፍራንክ ቻፕማን በ1886 በኒው ዮርክ ጎዳናዎች እየተዘዋወረ ካያቸው 700 ባርኔጣዎች መካከል 542ቱ በወፍ ያጌጡ መሆናቸውን ቆጥሮ ጽፏል። ከላባዎች ሁሉ የሚፈለገው ኢግሬት የተባለው ነጭና ባለ ረጅም እግር ወፍ በጀርባው ላይ የሚያበቅለው ስስ ላባ ነበር። በ1903 አንድ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ያህል፣ እስከ 32 ዶላር ያወጣ ነበር። በዚያ ዘመን የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ከ21 ዶላር በታች እንደነበረ ስናስታውስ የንግዱ ኃይል ግልጽ ይሆንልናል።

የጥፋቱ ክፋት በወቅቱ ምርጫ ላይ ነበር። ኢግሬት ይህን ላባ የሚያበቅለው በመራቢያው ወራት ብቻ ነው። ስለሆነም አዳኙ ወፎቹን የሚገድላቸው በጎጆአቸው ላይ እንዳሉ ነው። እናትና አባት ሲገደሉ ጫጩቶቹ በረሃብና በፀሐይ ሐሩር ያልቃሉ። አንድ የጥይት ድምፅ ሁለት ትውልድ ያጠፋ ነበር ማለት ነው።

የመጓጓዣ መስፋፋትም የራሱ ድርሻ ነበረው። በፍሎሪዳ ወንዞች በእንፋሎት ጀልባ ይጓዙ ከነበሩት ጎብኚዎች ብዙዎቹ ከመርከቡ ወለል ላይ ሆነው ወፎችን ለጨዋታ ይተኩሱ ነበር። በነዳጅ ዘይት ንግድ የከበረው ሄንሪ ፍላግለር በምሥራቁ ጠረፍ የዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1894 ፓልም ቢች አካባቢ፣ በ1896 ማያሚ፣ በ1912 ደግሞ በባሕር ላይ በተሠሩ ድልድዮች አማካይነት ኪ ዌስት ደረሰ። ቀድሞ በጀልባ ብቻ ይደረስበት የነበረው ጠረፍ ለነጋዴውም ለጎብኚውም ተከፈተ።

የፔሊካኖቹ ደሴት

በምሥራቁ ጠረፍ፣ ከውቅያኖሱ በቀጭን የአሸዋ ምድር የተለየ ኢንዲያን ሪቨር የተባለ ረጅም የጨው ውሃ አለ። በዚህ ውሃ መካከል፣ ሴባስቲያን ከተባለችው ከተማ አጠገብ፣ ፔሊካን አይላንድ የምትባል በጣም ትንሽ ደሴት ትገኛለች። ፔሊካን ከመንቁሩ በታች ዓሣ መያዣ ከረጢት ያለው ትልቅ ወፍ ነው። ቡናማው ፔሊካን በአካባቢው ካለው መሬት ሁሉ ይህችን ደሴት መርጦ ይራባባት ነበር።

ከጀርመን አገር የመጣው ጀልባ ሠሪ ፖል ክሬገል ከደሴቲቱ ማዶ ይኖር ነበር። ሕግም ሹመትም ሳይኖረው ጀልባውን እየቀዘፈ በወፎቹና በተኳሾቹ መካከል ይቆም ነበር። ቻፕማንም በ1898 ወደ ደሴቲቱ መጥቶ ፔሊካኖቹን አጠና፤ ፎቶግራፍም አነሳ። በ1900 ያሳተመውና ስለ ካሜራና ወፎች የሚናገረው መጽሐፉ ደሴቲቱን ከብዙ አንባቢዎች ጋር አስተዋወቀ። ፍሎሪዳ በ1901 ወፎችን የሚጠብቅ ሕግ ብታወጣም የደሴቲቱ መሬት ግን የፌዴራሉ መንግሥት ንብረት ነበር። ቻፕማንና ጓደኞቹ ጉዳዩን ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት አቀረቡ። ፕሬዚዳንቱም መጋቢት 14 ቀን 1903 በፈረሙት ትእዛዝ ደሴቲቱ የወፎች ጥብቅ ክልል እንድትሆን ወሰኑ። ክሬገል በወር አንድ ዶላር እየተከፈለው የመጀመሪያው ጠባቂ ሆነ። ዛሬ ከ560 በላይ ክልሎችን ያቀፈው የአሜሪካ የዱር አራዊት መጠለያዎች ድርጅት የተወለደው ከዚህች እፍኝ ከምታክል መሬት ነው።

ትእዛዙ ግን ጠላትነትን አልሻረም። ፔሊካን የሰውን የዓሣ ምግብ ይሻማል የሚል ወሬ በመናፈሱ፣ በ1918 ከ400 የሚበልጡ ጫጩቶች በደሴቲቱ ላይ በዱላ ተቀጥቅጠው ተገኙ። ኋላ በተደረገ ጥናት የፔሊካን ምግብ በአመዛኙ ገበያ የማይወጣ ዓሣ መሆኑ ተረጋገጠ።

የጠባቂው ሞት

በደቡብ ጫፍ፣ ፍላሚንጎ በተባለችው መንደር፣ ነገሩ የባሰ ነበር። ጋይ ብራድሊ በወጣትነቱ ራሱ ላባ አዳኝ ነበር። በ1902 ግን ወገኑን ለውጦ የወፎች ጠባቂ ሆነ። ደመወዙ በወር 35 ዶላር ነበር፤ ይህም አንድ አውንስ ላባ ከሚያወጣው ዋጋ እምብዛም አይበልጥም። በማንግሮቭ ዛፍ የተሸፈኑትን የማይቆጠሩ ደሴቶችና የውሃ መንገዶች የሚጠብቀው ብቻውን ነበር።

የፎቶግራፍ ሠራተኛው ኸርበርት ጆብ ወደዚህ አገር በመጣ ጊዜ መንገድ የመራው ብራድሊ ነበር። ጆብ በ1905 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጻፉለት ደብዳቤ ካሜራ የጠመንጃን ቦታ እንዲወስድ ያላቸውን ምኞት ገልጸዋል። ጠመንጃው ግን ገና ሥራውን አልጨረሰም ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 8 ቀን ብራድሊ የተኩስ ድምፅ ሰምቶ በትንሽ ጀልባው ወደ ስፍራው አመራ። ወፍ ሲገድሉ ያገኛቸውን ሰዎች ለመያዝ ሲሞክር ተተኩሶበት ሞተ። ባለቤቱና ሁለት ትናንሽ ልጆቹ ያለ አባወራ ቀሩ። ገዳዩ ራሴን ለመከላከል ነው በማለቱ ጉዳዩን የመረመሩት ዳኞች ለፍርድ እንዲቀርብ አላደረጉም። የብራድሊ መቃብር እንኳ በ1960 በተነሳው ማዕበል ተጠርጎ ሄደ።

ቢሆንም ደሙ ከንቱ አልቀረም። የሞቱ ወሬ በጋዜጦች ተሠራጭቶ ሕዝቡን ቀሰቀሰ። የኒው ዮርክ ግዛት በ1910 የአገሪቱን ወፎች ላባ መሸጥ ከለከለች። በ1913 የላባ ወደ አገር መግባት ታገደ፤ በ1918 ተዘዋዋሪ ወፎችን የሚጠብቀው ሕግ ጸና። የብራድሊ መንደር በ1947 በተመረቀው የኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተካተተ።

የመሣሪያው ጠባይ

ካሜራው ጠመንጃውን ለመተካት ቀላል መሣሪያ አልነበረም። የዚያ ዘመን የፎቶግራፍ ሠራተኛ ከባድ የእንጨት ካሜራ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያና በሳጥን የታሸጉ የመስታወት ሰሌዳዎች ተሸክሞ በጭቃና በማንግሮቭ ሥር መካከል መሄድ ነበረበት። የሙቀቱ፣ የጨው ውሃውና የቢምቢው ጉዳይ ሳይነሳ ማለት ነው።

ከሁሉም የከፋው የርቀት ችግር ነበር። የምስሉ መጠን ከሌንሱ የትኩረት ርዝመት ጋር በቀጥታ፣ ከርቀቱ ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ ይለዋወጣል። 300 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት ባለው ሌንስ፣ አንድ ሜትር ቁመት ያለው ወፍ በ50 ሜትር ርቀት ላይ ሲቆም በሰሌዳው ላይ የሚያርፈው ምስል 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ወደ 10 ሜትር ሲቀርብ ግን 30 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ መጠጋት ግድ ነበር። ቻፕማን ትልቅ ጃንጥላ ተክሎ ዙሪያውን እስከ መሬት በሚደርስ ጨርቅ እየጋረደ በውስጡ ይደበቅ ነበር።

መጠጋት የራሱ ዕዳ አለው። ወላጆቹ ደንግጠው ከጎጆ ሲነሱ፣ ላባ ያላወጡ ጫጩቶች በሐሩሩ ፀሐይ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይጎዳሉ፤ እንቁላሉንም ቁራ ይቀራመተዋል። ካሜራ ጥይት ባይተኩስም ያለ ጥንቃቄ ሲያዝ ይገድላል። በዚህም ምክንያት ዛሬ ማንም ጎብኚ በፔሊካን አይላንድ ላይ እንዲወርድ አይፈቀድለትም። ደሴቲቱ የምትታየው መቶኛ ዓመቷ ሲከበር ከተሠራው የእንጨት መተላለፊያና መመልከቻ ማማ ላይ ሆኖ ወይም ከሩቅ በጀልባ ነው። የሌንስ ጥበብ ማደግ ይህን ርቀት ለመጠበቅ አስችሏል።

ቢምቢ፣ ሮኬትና ድንቢጥ

ከደሴቲቱ በስተሰሜን፣ በዚያው ጠረፍ ላይ፣ ሜሪት አይላንድ የተባለ ሰፊ ረግረግ ይገኛል። በዚህ ምድርና በአቅራቢያው ባለው በሴንት ጆንስ ወንዝ ረግረግ ብቻ የምትኖር ጠቆር ያለች የባሕር ዳር ድንቢጥ ነበረች። ጎጆዋን የምትሠራው ውሃ እምብዛም በማይደርስበት ከፍ ያለ የረግረግ ሣር ውስጥ ነበር።

አካባቢው በቢምቢ ብዛት የታወቀ ነበር። በ1940ዎቹ ዲዲቲ ተረጨ። መርዙ የድንቢጧን ቁጥር ከመቀነሱም በላይ፣ በዓሣ አማካይነት ወደ ፔሊካኖች ደርሶ የካልሲየምን አሠራር በማወክ የእንቁላላቸውን ቅርፊት አሳሳ። የሚታቀፉት እንቁላል ከሥራቸው ይሰበር ጀመር። ቡናማው ፔሊካን በ1970 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገባ። ዲዲቲ በ1972 ከታገደ በኋላ ቁጥሩ ስላገገመ በ1985 በፍሎሪዳ፣ በ2009 ደግሞ በመላው አገሪቱ ከዝርዝሩ ወጣ።

ዲዲቲ የቢምቢውን ችግር ለዘለቄታው ባለማስወገዱ ሌላ መፍትሔ ተፈለገ። የጨው ረግረግ ቢምቢ እንቁላሏን የምትጥለው በቆመ ውሃ ላይ ሳይሆን በእርጥብ ጭቃ ላይ ነው፤ እንቁላሉም ውሃ ሲደርሰው ይፈለፈላል። ስለዚህ ረግረጉን በአፈር ግድብ ከብቦ ዘወትር በውሃ እንደተሸፈነ ማቆየት ቢምቢዋን እንቁላል መጣያ ያሳጣታል። አሳቡ ቀላል፣ ወጪው ዝቅተኛ፣ መርዝም የሌለበት ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የመሬት መቆፈሪያ መኪናዎች ግድቦቹን ሠሩ። በ1962 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ለጨረቃው ጉዞ መነሻ የሚሆነውን ሰፊ መሬት በዚያው ሲይዝ ሥራው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኖ ታየ።

ቢምቢው ቀነሰ፤ ሣሩም ሞተ። ከሣሩ ጋር የድንቢጧ መኖሪያ ጠፋ። በሴንት ጆንስ በኩል የነበረው መጠጊያ ደግሞ በመሬት ማጠንፈፍ፣ በአውራ ጎዳና ሥራና በሰደድ እሳት ተመናመነ። በ1967 ድንቢጧ ለመጥፋት ከተቃረቡት ጋር ተመዘገበች፤ በ1971 መጠጊያ የሚሆን መሬት ተከለለላት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ምክር የሚጠቅምበት ጊዜ ግን አልፎ ነበር። ሴቲቱ ድንቢጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ1975 ሲሆን፣ ኋላ የተያዙት ጥቂት ድንቢጦች በሙሉ ወንዶች ነበሩ። የመጨረሻው፣ በእግሩ ላይ በታሰረለት ብርቱካንማ ቀለበት ይለይ የነበረው፣ በሰኔ ወር 1987 ሞተ። በ1990 ዘሩ ፈጽሞ መጥፋቱ በይፋ ተገለጠ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ፍርዱ ቀላል ይሆን ነበር። ናሳ ለሥራው ያልተጠቀመበት መሬት በ1963 የዱር አራዊት መጠለያ ሆነ፤ ግድቦቹ ያጠራቀሙት ውሃም ለዳክዬና ለባለ ረጃጅም እግር ወፎች ተስማማ። ዛሬ ጎብኚዎች ብላክ ፖይንት በተባለው 11 ኪሎሜትር ያህል በሚሆን መንገድ በመኪና እየተጓዙ ኢግሬትን፣ ፔሊካንንና መንቁሩ ማንኪያ የሚመስለውን ሮዝ ቀለም ያለውን ወፍ ፎቶግራፍ ያነሳሉ። በአቅራቢያው ይኖር ለነበረው ለዕውቁ የወፎች ፎቶግራፍ አንሺ ለአለን ክሩክሻንክ መታሰቢያ የተሰየመው የእግር መንገድም የሚነሳው ከዚያው ነው። መኪናው የሚሄድበት መንገድ የቢምቢው ግድብ ራሱ ነው። አንዲት ድንቢጥን ያጠፋው ሥራ ለሌሎች ማረፊያ ሆኗል።

ማጠቃለያ

ግድቦቹን የነደፉት ሰዎች በሥራቸው አልሰነፉም። የተሰጣቸው ጥያቄ ቢምቢን በርካሽ መቀነስ ስለነበረ መልሱን በሚገባ አግኝተውታል። ጉድለቱ የነበረው በጥያቄው ጥበት ላይ ነው። ኋላ የመጡት ባለሙያዎች በግድቦቹ ሥር የውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎችን ቀብረው፣ ረግረጉ በቢምቢው ወራት ብቻ እንዲጥለቀለቅ፣ በቀረው ጊዜ ግን ከባሕሩ ውሃ ጋር እንዲገናኝ አድርገዋል። በማዕበልና በጀልባ ሞገድ ይሸረሸር የነበረው የፔሊካን አይላንድ ዳርቻም በባሕር ዛጎል ክምርና በማንግሮቭ ተክል ተጠናክሯል። ያው ሙያ፣ ያው ስሌት፣ በሰፋ ጥያቄ ሲመራ ሌላ ውጤት ሰጠ።

የቻፕማንና የጆብ ፎቶግራፎች የነበረውን አስመስክረው ሕግ እንዲወጣ ረድተዋል። ለድንቢጧ ግን ፎቶግራፉ ከመታሰቢያነት አላለፈም። ስለሆነም ረግረግ ለማጠንፈፍ፣ ወንዝ ለመገደብ ወይም ጠረፍ ለማልማት የሚሰማራ ባለሙያ ካርታውን ከመዘርጋቱ በፊት በዚያ ስፍራ ማን እንደሚኖር፣ በየትኛው ወር እንደሚራባና የውሃው ከፍታ ምን ያህል ቢለወጥ እንደሚጎዳ መጠየቅ ይገባዋል። መልሱ በንድፉ ውስጥ መግባት ያለበትም የመጀመሪያው አፈር ከመቆፈሩ አስቀድሞ ነው።