የገዛኸኝ አበራ የማራቶን ዘመን

ከኦጎልቾ ተነሥቶ የዝዋይን ሐይቅ ወደ ኋላው ትቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አርሲ ደጋ የሚጓዝ ሰው የሂጦሳን ወረዳ ያገኛል። የወረዳው ከተማ ኢተያ ናት። ታሪኩን በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ሯጭ ገዛኸኝ አበራ በ1970 ዓ.ም. የተወለደው በዚህች ከተማ ነው። (ዘመኑን የምንቆጥረው በአገራችን አቆጣጠር ነው።)

የማራቶን ሯጭ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በሰዓት ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን ገዛኸኝ ከፈጣኖቹ ሁሉ በላይ አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. በጃፓን አገር በፉኩኦካ ሲያሸንፍ የሮጠበት 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ከዕድሜው ሁሉ የበለጠው ሰዓቱ ሆኖ ቀርቷል፤ በዚያን ጊዜ ግን የዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ነበር። ታዲያ የታላቅነቱ ምክንያት ምንድን ነው?

መልሱን የምናገኘው ከተወዳዳሪዎቹ ጋራ ስናስተያየው ነው። መስከረም 21 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አንደኛ ሲወጣ የኬንያውን ኤሪክ ዋይናይናን በ20 ሰከንድ ቀደመው፤ ሦስተኛው ያገሩ ልጅ ተስፋዬ ቶላ ነበር። አበበ ቢቂላ በሮማና በቶኪዮ፣ ማሞ ወልዴም በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ካሸነፉ ወዲህ ኢትዮጵያዊ ወንድ ይህን ድል ሳያገኝ 32 ዓመት አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ በካናዳ፣ በኤድመንተን ከተማ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ኦሎምፒክንና የዓለም ሻምፒዮናን በማራቶን ያሸነፈ የመጀመሪያው ወንድ እርሱ ነው።

የልዩነቱን ማነስ ልብ እንበል። በኤድመንተን ኬንያዊውን ሳይመን ቢዎትን የቀደመው በ1 ሰከንድ ብቻ ነው። በ1995 ዓ.ም. በለንደን ሲያሸንፍ ለእርሱና ለኢጣሊያዊው ስቴፋኖ ባልዲኒ የተመዘገበው ሰዓት አንድ ነበር፤ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ። እንዲህ ያለው ፍጻሜ ሁልጊዜ ለእርሱ አላደላም፤ በ1992 ዓ.ም. በቦስተን ከኤላይጃ ላጋት ጋራ በእኩል ሰዓት ገብቶ ሁለተኛ ሆኗል። ስለዚህ ኃይሉ የነበረው ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ በሚቀሩት ጥቂት እርምጃዎች ላይ ነው ለማለት እንደፍራለን።

ይህ ዘመን ግን አጭር ነበር። በ1995 ዓ.ም. በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና በጉዳት ምክንያት ውድድሩን አቋረጠ፤ በ1996 ዓ.ም. የአቴና ኦሎምፒክም በጉዳት ቀረ። በአቴና የወርቁን ሜዳይ የወሰደው በለንደን የቀደመው ባልዲኒ ነው። ገዛኸኝ ቢኖር ኖሮ ያሸንፍ ነበር ብሎ መከራከር የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም። የሆነውን ብቻ እንቁጠር፦ ሦስት ጊዜ ፉኩኦካ፣ ከዚያም ሲድኒ፣ ኤድመንተንና ለንደን፤ ስድስት ድል በአራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ። የሰዓት መዝገብ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ሯጭ አልፎት ይሄዳል፤ ማን ማንን እንደ ቀደመ የሚጠይቅ ግን ሊያልፈው አይችልም።