ሳይለያዩ ስለሚጓዙ አቶሞች ታሪክ

ኬሚስትሪ በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ ሰልፌት፥ ናይትሬት፥ ካርቦኔትና አሞኒየም የሚባሉት ስሞች በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሠንጠረዥ ይጻፋሉ፤ ተማሪዎችም ከነኤሌክትሪክ ሙላቸው በቃላቸው ያጠኗቸዋል። እነዚህ የአቶም ማኅበሮች እንዴት እንደ ታወቁ ግን የሚተርክ መምህር ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ ለሥራ ጓደኞቼ በአጭሩ ማቅረብ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን እንዳስብበት ያደረገኝ አንድ ተማሪ ነው። ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት፥ ሶዲየም ሰልፌት በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ወደ ምን እንደሚከፈል በፈተና ጠይቄ ነበር። ልጁም «ወደ ሶዲየም፥ ወደ ድኝና ወደ ኦክሲጅን» ሲል መለሰ። በቀይ ቀለም ሰርዤ ዜሮ ሰጠሁት። ወረቀቱን ይዞ መጥቶ በትሕትና፥ «መምህር፥ ድኙና ኦክሲጅኑ ሳይለያዩ እንደሚቀሩ በምን ታወቀ?» አለኝ። መልስ ስላልነበረኝ፥ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል፤ አጥና» ብዬ አሰናበትሁት። ልጁ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። በኋላ ታሪኩን ስመረምር፥ እርሱ የጠየቀውን ነገር የአውሮፓ ሊቃውንት ሲከራከሩበት ብዙ ዘመን እንዳሳለፉ ተረዳሁ።

የነገሩ መነሻ በፈረንሳይ አገር ነው። በ1787 ዓ.ም. ጊቶን ደ ሞርቮ፥ ላቭዋዚዬ፥ ቤርቶሌና ፉርክሯ ተባብረው ለኬሚስትሪ አዲስ የስም አወጣጥ ሥርዓት አሳተሙ። ዛሬ ሰልፌትና ናይትሬት የምንላቸው ስሞች የተደላደሉት በዚህ ሥርዓት ነው። ላቭዋዚዬ አሲድ ሁሉ ኦክሲጅንና «ራዲካል»፥ ማለት ሥር፥ የተባለ ሌላ ክፍል ያለው ነው ብሎ ያምን ነበር። አሲድ ሁሉ ኦክሲጅን አለው ማለቱ ስሕተት ሆኖ ቢገኝም፥ የሥሩ አሳብ ግን አልጠፋም። በ1815 ዓ.ም. ጌ-ሉሳክ ከካርቦንና ከናይትሮጅን የተሠራውን ሲያኖጅንን መርምሮ፥ ሁለቱ አቶሞች በአንድነት ሆነው እንደ ክሎሪን ያለ የአንድ ንጥረ ነገር ጠባይ እንደሚያሳዩ ገለጠ። በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች ከአንዱ ውሁድ ወደ ሌላው ሳይለያዩ ይተላለፉ ነበር።

ይሁን እንጂ በዘመኑ እጅግ የተከበረው የስዊድኑ ሊቅ በርሴሊዩስ ጨዎችን በሌላ መንገድ ይከፍላቸው ነበር። በእርሱ አሳብ ሶዲየም ሰልፌት የሁለት ኦክሳይዶች፥ ማለት የሶዲየም ኦክሳይድና የድኝ ኦክሳይድ ጥንድ ነው፤ ከአራቱ ኦክሲጅን አንዱ የሶዲየሙ ወገን፥ ሦስቱ የድኙ ወገን ናቸው። ማስረጃም ነበረው። ኤሌክትሪክ በጨዉ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ በአዎንታዊው ወገን አሲድ፥ በአሉታዊው ወገን አልካሊ ይታያልና።

በ1834 ዓ.ም. በለንደን ማይክል ፋራዴይ፥ በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ሁለቱ ወገኖች የሚሄዱትን ነገሮች «አዮን» ብሎ ሰየማቸው። ቃሉ በግሪክ ቋንቋ «ሂያጅ» ማለት ሲሆን፥ ስሞቹን በመምረጥ የረዳው የካምብሪጁ ሊቅ ዊልያም ሂዩዌል ነው። ፋራዴይ ከዚህ በላይ አንድ ጽኑ ሕግ ትቶልናል፤ ይኸውም የተወሰነ ኤሌክትሪክ የሚሠራው የመበተን ሥራ የተወሰነ ነው፥ የሚል ነው።

ይህን ሕግ ይዞ ነገሩን የፈታው የፋራዴይ ወዳጅ፥ በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ መምህር የነበረው ጆን ፍሬድሪክ ዳኒየል ነው። በ1839 ዓ.ም. ባሳተመው ምርምር፥ በውሃ የሟሟውን ሶዲየም ሰልፌት የኤሌክትሪኩን መጠን ከሚለካ ዕቃ ጋር አገናኝቶ መረመረ። ከጨዉ ዕቃ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን በሕጉ ልክ ወጡ፤ ከነዚህ ጋር ደግሞ አሲዱና አልካሊው በዚያው ልክ ተገኙ። እንግዲህ በርሴሊዩስ እንዳለው ጨዉ ወደ ሁለት ኦክሳይዶች የሚከፈል ከሆነ፥ አንዱ ኤሌክትሪክ ውሃውንም ጨዉንም በመበተን የሁለት እጥፍ ሥራ ሠርቷል ማለት ነው፤ ይህም ሕጉን ያፈርሳል። ዳኒየል ሕጉን ሳይሆን የጨዉን አከፋፈል ለወጠ። ሂያጆቹ በአንድ በኩል ሶዲየም ብቻውን፥ በሌላ በኩል ድኙ ከአራቱ ኦክሲጅን ጋር ናቸው አለ። ሃይድሮጅኑና አልካሊው፥ ኦክሲጅኑና አሲዱ ከዚያ በኋላ በየወገናቸው ከውሃ ጋር በሚደረግ ለውጥ የሚመጡ ናቸው። ዛሬ በኤሌክትሮዶቹ ላይ የሚበተነው ውሃው ራሱ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን ሰልፌት አንድ ሆኖ እንደሚጓዝ ዳኒየል የፈረደው ፍርድ ጸንቶ ቀርቷል። የተማሪዬ ጥያቄ መልስ ይህ ነበር።

በ1884 ዓ.ም. ስቫንቴ አሬንዩስ የተባለ የ25 ዓመት ወጣት፥ አዮኖች ኤሌክትሪክ ሳይነካቸው በውሃ ውስጥ አስቀድመው ተለያይተው እንደሚኖሩ ወደሚገልጸው ትምህርት የሚያደርስ ጽሑፍ በኡፕሳላ አቀረበ። መርማሪዎቹ ዝቅተኛ ማዕረግ ሰጡት። በ1903 ዓ.ም. ግን በዚሁ ትምህርት የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የቀረው ጥያቄ አቶሞቹን አንድ አድርጎ የያዘው ምንድር ነው የሚለው ነበር። በ1916 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ፥ አቶሞች ኤሌክትሮኖችን ጥንድ ጥንድ አድርገው በጋራ እንደሚይዙ አስተማረ። በዚህ ትምህርት የሰልፌትን ሙል መቍጠር ይቻላል። ድኝ 6፥ አራቱ ኦክሲጅን 24 የውጭ ኤሌክትሮኖች ያመጣሉ፤ ድምሩ 30 ነው። ለአምስቱም ስምንት ስምንት እንዲዳረስ ግን 32 ያስፈልጋል። የጐደሉት 2 ከሶዲየሞች ስለሚመጡ ሰልፌት ሁለት አሉታዊ ሙል ይይዛል። እንግዲህ ተማሪ በቃሉ የሚያጠናው ቍጥር ምክንያት አለው።

ይህን ለማስተማር ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። በእጃችን የምንይዘው ጠመኔ አንዳንዱ ከኖራ ድንጋይ፥ ማለት ከካልሲየም ካርቦኔት፥ አንዳንዱ ከጀሶ፥ ማለት ከካልሲየም ሰልፌት የተሠራ ነው። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየም አላቸው። የሎሚ ጭማቂ ቢንጠባጠብባቸው ግን ካርቦኔቱ አረፋ ሲያወጣ ሰልፌቱ ዝም ይላል። ልዩነቱን ያመጣው ካልሲየሙ ሳይሆን አብሮት ያለው ማኅበር ነው። ተማሪው ይህን በዓይኑ ካየ በኋላ ሠንጠረዡን ቢያጠና ትምህርቱ ሸክም አይሆንበትም።

ዛሬ መምህራንን በማሠልጠንበት ክፍል ይህን ታሪክ የማስተምረው ያን ልጅ እያሰብሁ ነው። መልሱ ስሕተት ነበረ፤ መሰረዜም አይጸጽተኝም። የሚጸጽተኝ ጥያቄውንም አብሬ መሰረዜ ነው። ስለዚህ ወደ ሥራ የምትሰማሩ ወጣት መምህራን ሆይ፥ «በምን ታወቀ?» የሚል ተማሪ ሲገጥማችሁ፥ መልሱን ብታውቁ ንገሩት፤ ባታውቁም «ነገ አብረን እንፈልገዋለን» በሉት፥ በማግሥቱም ፈልጉለት።