በመንገድ የጎደለ ዕቃ ዕዳው የማን ነው?



ዕቃ ከአንድ ስፍራ ተጭኖ ወደ ሌላው ሲሄድ በመንገድ መጉደሉ የቆየ ነገር ነው። የጎደለውን ማን ይክፈል የሚለው ክርክርም እንደዚሁ የቆየ ነው። ይህን ለመረዳት ሐይቅንና አምባሰልን መመልከት ይበቃናል።

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋራ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሐይቅን ገዳም አይቶ ጽፎአል። ስለ ንግዳችንም ሲያወሳ፣ የጨው አሞሌ እንደ ገንዘብ ይሠራበት እንደ ነበረና ከሚቈረጥበት ስፍራ በራቀ ቍጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄድ እንደ ነበረ አስረድቶአል።

አሞሌ ከአፋር ቈላ ተቈርጦ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ዝናብ ሲያገኘው ይሟሟል፤ ጭነቱ ሲወድቅም ይሰበራል፤ የተሰበረው እንደ ሙሉው አይቈጠርም። በሲራራ ነጋዴዎች መካከል ጠብ ሲነሣ የሚዳኘው ነጋድራሱ ነበር። ነገር ግን ነጋዴው ራሱ ከጭነቱ ጋራ ይጓዝ ስለ ነበረ፣ የደረሰውን ጉዳት በዐይኑ ያይ ነበር።

የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከዚያም የጭነት መኪና ሲበዛ፣ ባለዕቃው ከዕቃው ጋራ መጓዙ ቀረ፤ በእርሱ ፈንታ ወረቀት ሄደ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውም የንግድ ሕግ፣ ዕቃው የጎደለው ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት፣ በዕቃው በራሱ ጠባይ ወይም በባለዕቃው ጥፋት መሆኑን አጓጓዡ ካላስረዳ በቀር፣ ኀላፊው እርሱ ነው ብሎ ደነገገ።

አሁን በአምባሰል፣ በውጫሌ አካባቢ የሚገኘውን የድንጋይ ከሰል እናስብ። አሞሌ በቍጥር፣ ከሰል ግን በሚዛን ነው። ውኃ ጠጥቶ የተመዘነ ከሰል በመንገድ ደርቆ ቢመዘን፣ ማንም ሳይነካው ይቀላል፤ ያልሰረቀው ሾፌር ሌባ ይባላል። በአንጻሩም የሰረቀ ሰው ውኃ ረጭቶበት ጉድለቱን ሊሸፍን ይችላል። በመጀመሪያው የድኻ እንጀራ፣ በሁለተኛው የባለገንዘቡ ሀብት ይጠፋል። ዳኛ መንገዱን አላየምና፣ ሁለቱን የሚለይለት በመነሻው የተጻፈው ቃል ነው።

ውጫሌ ስለ ጽሑፍ ሌላም ትምህርት ሰጥታናለች። በ1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል፣ በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛውና የጣልያንኛው ቃል ስላልተስማማ፣ እስከ ዐድዋ ጦርነት አድርሶአል። የመንግሥታት ውል እንዲህ ከሆነ፣ የጭነት ወረቀትማ ምን ያህል ጥንቃቄ ያሻው!

ስለዚህ የምትጭኑና የምታስጭኑ ሁሉ፤ ከሰሉን በሁለቱም ወገን ፊት መዝኑ፤ እርጥብ ወይም ደረቅ መሆኑን ጻፉ፤ በሸራ ሸፍኑት፤ በመድረሻውም እንደገና መዝናችሁ፣ ጉድለት ቢገኝ ሳትፈርሙ በፊት አስመዝግቡ። በእጃችሁና በሾፌሩ እጅ ያለውም ወረቀት አንድ ቃል ይናገር። በመጫኛው ስፍራ የተደረገ ጥቂት ድካም፣ በማራገፊያው ስፍራ ከሚነሣ ብዙ ሙግት ያድናልና።