ከሰም እስከ ታብሌት፦ ዘፈን የት ይቀመጣል?

ታብሌቴ «ቦታ ሞልቷል» ማለት ከጀመረ ሳምንት አልፎት ነበር። ሙዚቃ የምሠራበት አፕ ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዴም ገና ስከፍተው ይዘጋል። ለጓደኛዬ ብነግረው ትከሻውን ሰበቀና «አጥፋውና መልሰህ ጫነው፣ ይስተካከላል» አለኝ። አጠፋሁት። ከማጥፋቴ በፊት ታብሌቱ ዳታውም አብሮ እንደሚጠፋ የሚናገር መልእክት አውጥቶልኝ ነበር። ሁላችንም እንደምናደርገው ሳላነብ «እሺ» አልኩ። መልሼ ስጭነው አፑ እውነትም ተስተካክሏል። እንደ አዲስ ይፈጥናል። እንደ አዲስም ባዶ ነው።

የሁለት ዓመት ቢት፣ ግማሽ ላይ የቀሩ ዘፈኖች፣ የጓደኞቼ ድምፅ፣ ሁሉም ሄደ። እሱስ ይሁን፣ ቢት ተመልሶ ይሠራል። የማይመለሰው ሌላ ነው። አያቴ ከማረፏ በፊት በነበረው ክረምት ጥጥ እየፈተለች ታንጎራጉር ነበር። ታብሌቱን እግሯ ሥር አስቀምጬ ቀዳኋት። አሥራ አንድ ደቂቃ። ከድምፁ ጀርባ እንዝርቷ ይሰማል፣ ዝናቡ ይሰማል፣ መሃል ላይ ደግሞ «ልጄ፣ ይሄ ነገር እየሰማኝ ነው?» ትላለች። እኔም «አዎ እማማ፣ እየሰማሽ ነው» እላታለሁ። አሁን ያ ሁሉ የለም።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ዘፈናቸውን የት ያስቀምጡ ነበር? ለመሆኑ ምን ተረፈላቸው? ምንስ ጠፋባቸው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው ውስጥ የተቀመጠ ዜማ

ለእኛ የመጀመሪያው «ሜሞሪ» ሰው ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ዘመን እንደነበረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ለደቀ መዛሙርቱ አስተማረ፤ እነሱም ለሌሎች። ዛሬም ድጓ የሚማር የቆሎ ተማሪ ዓመታት ፈጅቶ ዜማውን በቃሉ ይይዛል። መጽሐፉ ቢኖርም ዜማው በትክክል «ገባ» የሚባለው ተማሪው ራሱ ሲያዜመው፣ መምህሩም ሰምተው ሲያርሙት ነው።

ይህ አያያዝ የተፈተነው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በኢማም አህመድና በክርስቲያኑ መንግሥት መካከል በነበረው ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጠሉ። ብራናው ነደደ፤ ዜማው ግን በየቦታው በተበተኑ ሰዎች ራስ ውስጥ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት፣ ከ1540 እስከ 1559 በነገሡት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክቶች አደራጁ። ከፊደሎቹ በላይ የሚቀመጡት ጥቃቅን ምልክቶች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው ይባላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንድ ኮፒ በቃል፣ አንድ ኮፒ በብራና፣ ሁለቱም በተለያየ ቦታ። አንደኛው ሲነድ ሌላኛው ይመልሰዋል። ዛሬ «ባክአፕ» የምንለው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ተሰብሮ የቀረው መልእክት

ድምፅን ራሱን መያዝ የተቻለው በ1877 ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፉን ከሠራ በኋላ ነው። መጀመሪያ በቆርቆሮ ወረቀት ላይ፣ ቀጥሎም በሰም ሲሊንደር። ሰሙ ተሰባሪ ነው። በተጫወተ ቁጥርም ይፋቃል። ሲያስፈልግም ላዩን ልጠው ሌላ ድምፅ ይቀዱበት ነበር። ያኔም «ቦታ ሞልቷል» ነበር ማለት ነው።

ታሪኩ ቶሎ ወደ እኛ መጣ። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክ በሰም ላይ የተቀዳ የድምፅ መልእክት ላኩ። ግን ትእዛዝ ነበረው፦ ከተሰማ በኋላ እንዲደመሰስ። እንደታዘዘውም ሆነ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በበኩላቸው ድምፃቸውን ቀድተው መልስ ላኩ። የእነሱ አልተደመሰሰም፤ ለንደን በሚገኘው የብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ክምችት ውስጥ ዛሬም አለ። ከሁለቱ አንዱ ታዞ ጠፋ፣ ሌላው ስለተቀመጠ ተረፈ። ምኒልክ እንዴት ይናገሩ እንደነበር ዛሬ የምንሰማው ሲሊንደሩን አንድ ሰው መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ስለሄደ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1908 ገደማ፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው በበርሊን ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀዱ። እነዚህ በሸክላ የታተሙ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ዘፈኖች ተብለው ይታወቃሉ። ሸክላው ከሰም የሚሻልበት ዋና ነገር አንድ ነው፦ ከአንድ ቅጂ ብዙ ማተም ይቻላል። አንዱ ቢሰበር ሌላው ቤት ሌላ አለ።

ሸክላ፣ ካሴት፣ የኮፒ ኮፒ

ወደ 1960ዎቹ እንለፍ። በኢትዮጵያ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ የ20ዎቹ ዕድሜ ወጣት ይህን እገዳ አልፎ የራሱን ማሳተሚያ፣ አምሃ ሪከርድስን፣ ጀመረ። መጀመሪያ ያሳተመውም ዓለማየሁ እሸቴን ነው። ማተሚያ አገር ውስጥ ስላልነበረ ሸክላዎቹ ውጭ ታትመው ይመጡ ነበር። ስድስት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። 1974 ላይ ደርግ መጣ፤ በ1975 አምሃ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ያ ዘመን ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ካሴት ነው። ወላጆቻችንን ጠይቋቸው፤ ክሩ ሲወጣ በእስክሪብቶ ማጠንጠን፣ ያለቀበትን ካሴት ቀዳዳ በወረቀት ደፍኖ እንደገና መቅዳት። ካሴት ሁሉም ሰው ቤቱ ውስጥ ኮፒ እንዲያደርግ ፈቀደ። በረከቱም እርግማኑም ይኸው ነበር። ኮፒ በተደረገ ቁጥር የድምፁ ጥራት ይወርዳል፣ ሹክሹክታው ይጨምራል። የኮፒ ኮፒ ኮፒ ሲሆን ሳክስፎኑ ከውኃ ውስጥ የሚነፋ ይመስላል። ቢሆንም ዘፈኑ አልጠፋም። ከስደተኛው ሻንጣ ጋር ሱዳን ገባ፣ ዋሽንግተን ገባ፣ ሮም ገባ።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ በ1980ዎቹ የማህሙድ አህመድን ሸክላ ሰምቶ ተከታተለው። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጂየም ኩባንያ «እሬ መላ መላ»ን ለአውሮፓ አወጣ። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተሰኙት ሲዲዎች የአምሃንና የሌሎችን ሸክላዎች እንደገና አሳተመ። ዛሬ ያ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ሙዚቃ ስልካችን ላይ ያለው አንዳንድ ሰዎች ሸክላዎቻቸውን ስላልጣሉ ነው።

ቀጥሎ እኛ የምናስታውሰው ዘመን መጣ። «ሜሞሪ ሙላልኝ!» ሙዚቃ ቤት ገብተን ከስልካችን ያወጣናትን ጥፍር የምታህል ካርድ እንሰጣለን፤ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ መቶ ዘፈን ይጭንልናል። የዲጂታል ኮፒ አይደበዝዝም፤ መቶኛው እንደ መጀመሪያው ነው። ግን ካሴት ቀስ እያለ እየታመመ ይሞታል፤ ሜሞሪ ካርድ በአንዴ ነው የሚሄደው። ጠዋት የነበረው ከሰዓት «ፎርማት ይደረግ?» ይላል።

ግቢው ውስጥ ያለች የኪራይ ክፍል

አሁን ወደ ታብሌቱ። አይፓድ ለገበያ የወጣው ሚያዝያ 2010 ነው። በዚያው ዓመት ዴመን አልባርን ከጎሪላዝ ቡድን ጋር አሜሪካን እየዞረ ሳለ በአብዛኛው አይፓድ ላይ አንድ አልበም ሠራ፤ «ዘ ፎል» ይባላል፤ ለፈረንጆቹ ገና ዕለት ወጣ። በመጋቢት 2011 ጋራጅባንድ ለአይፓድ መጣ። ስቱዲዮ ለመከራየት አቅም የሌለው ልጅ በጭኑ ላይ ስቱዲዮ አገኘ። እኔም ከእነዚህ ልጆች አንዱ ነኝ።

ግን ታብሌት ከኮምፒውተር በአንድ ነገር ይለያል። ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ የእኛ ነው፤ ፕሮግራሙ ቢጠፋም ፎልደሩ ይቀራል። ታብሌት ላይ ግን እያንዳንዱ አፕ በትልቅ ግቢ ውስጥ እንደተከራየች ክፍል ነው። የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ አለው፤ ጎረቤቱ ክፍል አይገባም። ይህ የተደረገው ለደኅንነት ነው፤ አንዱ ተንኮለኛ አፕ የሌላውን ዕቃ እንዳይበረብር። ችግሩ፣ ተከራዩ ሲለቅ አከራዩ ክፍሉን ከነዕቃው ጠርጎ ያወጣል። አፑን ስናጠፋው በክፍሉ ውስጥ ያስቀመጠው ፋይል አብሮ ይጠፋል። እኔ «እሺ» ያልኩት ለዚህ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይፓድ ላይ ፋይል የሚታይበት ቦታ ራሱ አልነበረም። ዘፈን ለማውጣት ብዙ ጊዜ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ያስፈልግ ነበር። አይፓድ የራሱን የፋይሎች አፕ ያገኘው በ2017፣ ከአይኦኤስ 11 ጋር ነው። ያው ማሻሻያ ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ፦ በድሮው 32 ቢት አሠራር የተሠሩና ያልታደሱ አፖች መከፈት አቆሙ። ታብሌቱን ያደሰ ሙዚቀኛ ፕሮጀክቱ እዚያው እያለ የሚከፍተው አጣ። ቁልፉ እንደጠፋ ሳጥን ማለት ነው።

«እኔስ ኢንተርኔት ላይ ነው የማስቀምጠው» የሚል ካለ፣ ማይስፔስን ያስታውስ። በ2019 ድርጅቱ ሰርቨር ሲያዛውር ከ2016 በፊት የተጫኑ ዘፈኖች እንደጠፉ ተሰማ፤ ብዛታቸው 50 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል ተባለ። ኢንተርኔት አርካይቭ በኋላ ያገኘው 490,000 ያህሉን ነው፤ እሱም ጥፋቱ ከመድረሱ በፊት ለጥናት ብለው ኮፒ ያደረጉ ሰዎች ስለነበሩ። ትልቅ መሆንም አያድንም። በ2008 በሆሊውድ በዩኒቨርሳል ግቢ የተነሳው እሳት እጅግ ብዙ ኦሪጅናል የሙዚቃ ቴፖች የነበሩበትን ማከማቻ አቃጠለ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ታሪኩን ጎትቼ የመጣሁት እዚህ ላይ ለመድረስ ነው። ከጥፋቱ በኋላ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ፕሮጀክትና ዘፈን ይለያያሉ። የፕሮጀክት ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በራሱ አፕ ነው፤ አፑ ሲሞት አብሮ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ዘፈኑ ባለቀ ጊዜ፣ ባያልቅም በየተወሰነ ጊዜ፣ እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻ በዌቭ አውጡት። ዌቭ ከ1991 ጀምሮ ያለ ፎርማት ነው፤ ዛሬም የማይከፍተው መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። በሲዲ ጥራት የአንድ ደቂቃ ስቴሪዮ ድምፅ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው። የአያቴ አሥራ አንድ ደቂቃ 120 ሜጋባይት አይሞላም ነበር። ለኖታው ደግሞ ሚዲ አለ፤ ከ1983 ጀምሮ ያለ መግባቢያ ነው።

ሁለተኛ፣ ሲንክ ባክአፕ አይደለም። ሲንክ መስታወት ነው፤ እዚህ ስታጠፉ እዚያም ይጠፋል። ባክአፕ ግን እናንተ ስትሳሳቱ አብሯችሁ የማይሳሳት ኮፒ ነው።

ሦስተኛ፣ 3-2-1 የሚባለውን ሕግ ያዙ። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ነው ያስፋፋው፦ ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለእኔ አንዱ ታብሌቱ ነው፣ ሁለተኛው ከታብሌቱ ጋር የሚሰካ ፍላሽ፣ ሦስተኛው ክላውድ ወይም የዘመድ ኮምፒውተር። ፍላሹን እሁድ ማታ ስልኬን ቻርጅ ሳደርግ እሰካለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አራተኛ፣ ስም ስጡት። «አዲስ ዘፈን 14» የሚባል ፋይል ከሦስት ዓመት በኋላ ማንም አያውቀውም፤ እናንተም ጭምር። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ አፕ ከማጥፋታችሁ በፊት ያስቀመጣችሁትን ኮፒ ከፍታችሁ ስሙት። ያልተሞከረ ባክአፕ ተስፋ ብቻ ነው።

የአያቴስ? ሙሉው አልተመለሰም። ግን ያን ክረምት እህቴ ዱባይ ነበረች፤ ሰው ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ማታ ደውላ ስታለቅስብኝ ከቅጂው አርባ ሰከንድ ቆርጬ በቴሌግራም ልኬላት ነበር። ስልኳን ሁለቴ ቀይራለች፤ መልእክቱ ግን አካውንቷ ላይ ቆይቷል። ስነግራት ወዲያው መልሳ ላከችልኝ። የታመቀ ነው፣ ጥራቱ ወርዷል፣ እንዝርቱ ግን ይሰማል።

ቀጥላ ያልጠበቅኩትን ነገረችኝ። «እኔ እኮ ሙሉውን አውቀዋለሁ» አለች። ልጅ ሆና ከአያቴ ጋር ስትፈትል ታንጎራጉረው ነበር። ዓርብ ዕለት፣ ዕረፍቷ ነው፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለችልኝ። ሁለት ቦታ ላይ ረሳችና ሳቀች። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ዝም አለች።

በዌቭ አወጣሁት። ስሙን ጻፍኩበት፦ የአያቴ፣ በእህቴ ድምፅ፣ ቀኑ፣ ከተማው። ሦስት ቦታ ላይ ነው። አራተኛው እህቴ ናት።